ከአያት እስከ ልደታ፦ የጠበቃ ቤትና የችሎት ቀጠሮ

የቅዳሜ ከሰዓታችሁን ለሕግ ነገር መስጠታችሁ ደስ ያሰኛል። ሰው ከሕግ ጋር የሚተዋወቀው አብዛኛውን ጊዜ መጥሪያ ሲደርሰው ነው፤ ያለ መጥሪያ በፈቃዱ የሚመጣ አድማጭ ለእኛ ለጠበቆች ብርቅ ነው።

በአዲስ አበባ ለቅሶ ላይ የሟች የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ሟቹ ጠበቃ ከሆነ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አይቀሩም። አንደኛው «በሙያው አንቱ የተባለ የሕግ ሰው ነበር» ይላል። ሁለተኛው «ቤተሰቡን ወዳድ፣ ልጆቹን በሥርዓት ያሳደገ አባወራ ነበር» ይላል። ጎን ለጎን ሲነበቡ ተስማምተው የኖሩ ይመስላሉ። ነጠላዋን አዘቅዝቃ የምታዳምጠው ባለቤቱ ግን ሌላ ታውቃለች። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ዕድሜ ልካቸውን ሲካሰሱ ኖረዋል፤ ሽማግሌዋም እሷው ነበረች።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ክስ ነው። እኔም ከገርጂ እየተነሣሁ ችሎት የምመላለስ ሰው ስለሆንኩ ነገሩን ከሩቅ አላየውም። «ጠበቃ ሥራ ይበዛበታል፣ ለቤቱ ጊዜ የለውም» ሲባል እንሰማለን። ይህ አባባል አያሳምነኝም። ሥራ የሚበዛበት ሰው ሞልቷል። ሐኪሙ ሌሊት ይጠራል፣ ነጋዴው ሱቁን አምሽቶ ይዘጋል፣ የአየር መንገድ ሠራተኛው ገናን ሰማይ ላይ ያሳልፋል። እነዚህ ሰዎች ግን ቢያንስ መቼ እንደማይኖሩ ያውቃሉ። የአየር መንገዱ ሰው የበረራ መርሐ ግብር ይሰጠዋል፤ ሚስቱም አይታው ትዘጋጃለች። ጠበቃውን ከቤቱ የሚነጥቀው ቀጠሮ ነው። ዛሬ ያበቃል የተባለው ጉዳይ ዛሬ አያበቃም፤ በሌላ ቀን፣ ማንም ባልመረጠው ቀን ተመልሶ ይመጣል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው፤ ቀሪው ማስረጃ ነው።

ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ክርክር በአገራችን የአደባባይ ጉዳይ ነበር። ከሳሽና ተከሳሽ ፊት ለፊት ቆመው በላ ልበልሃ ሲባባሉ መንገደኛው ከቦ ያዳምጣል፤ ንግግሩ የሚያምር ሰው ባይረታም እንኳ ስሙ ይወጣለታል። አበዳሪና ተበዳሪ ደግሞ ነገራቸው እስኪቆረጥ ድረስ በቁራኛ ይታሠሩ ነበር። አንዱ ያለ ሌላው የትም አይሄድም፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ይህን ዛሬ ስንሰማው ያስቀናል ለማለት አልደፍርም፤ የሰው ልጅን በሰንሰለት ከባላጋራው ጋር ማሰር ጭካኔ ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በቁራኛ የተያዙ ሁለት ሰዎች ነገራቸው እንዲራዘም አይፈልጉም። ሁለቱም ወደ ቤታቸው መግባት ይፈልጋሉ። ያ ጥድፊያ ለፍርዱ መፋጠን የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ከዚያ ነገሩ እየተለወጠ መጣ፤ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የፍርድ ሚኒስትርነቱ ለአፈ ንጉሥ ነሲቡ ተሰጠ። ዋና ዋናዎቹ የተጻፉ ሕጎች የመጡት ከግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ ነው፦ በ1949 የወንጀለኛ መቅጫው፣ በ1952 የፍትሐ ብሔሩ፣ በ1954 የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓቱ፣ በ1958 የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓቱ። የወንጀሉን ረቂቅ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ አዘጋጁ። በ1956 ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ፋኩልቲ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዲን አሜሪካዊው ጄምስ ፖል ነበሩ። ከዚህ በኋላ ክርክር ከአደባባይ ወደ መዝገብ ገባ። ክሱ ይጻፋል፣ መልሱ ይጻፋል፣ ማስረጃው ይያያዛል፣ ዳኛው ያነብባል። ትልቅ እመርታ ነው፤ አንደበተ ርቱዕ ያልሆነውም ድሃ ሰው በወረቀት እንዲሰማ አደረገ። ወረቀት ግን ጊዜ ይጠይቃል፤ የዘመናዊው ቀጠሮ አመጣጥም ከዚያው ጋር ነው።

አሁን አንድ ጠበቃ እንውሰድ። ስም አልሰጠውም፤ ብዙዎቻችንን ይመስላል። መኖሪያው ሲኤምሲ ነው። ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች አባት ነው። ልጆቹን ትምህርት ቤት ደጅ አድርሶ ባቡር ይይዛል። የምሥራቅና ምዕራቡ መስመር ጥቅምት 2008 ሥራ ሲጀምር በምሥራቅ አዲስ አበባ ለሚኖር ጠበቃ ታላቅ ነገር ነበር፤ ከአያት ተነሥቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለት፣ በኡራኤል፣ በስታዲየምና በሜክሲኮ አልፎ ከፍተኛ ፍርድ ቤቱ ያለበት ልደታ ላይ ያወርዳል። ባቡሩ ጭንቅንቅ ነው፣ አንዳንዴም ይዘገያል፤ ቢሆንም የመገናኛን የጠዋት መጨናነቅ በመኪና ለሚያውቅ ሰው አማራጭ ነው። ጠበቃው ቆሞ፣ አንድ እጁ መያዣው ላይ፣ በሌላው እጁ የምስክሮቹን ቃል በስልኩ ያነብባል።

3 ሰዓት ላይ ችሎት ደጅ ይደርሳል። የዕለቱን የጉዳዮች ዝርዝር ያያል፤ የእሱ መዝገብ ወደ ታች ነው። ይቀመጣል። ከፊቱ የነበሩት አንድ በአንድ ይጠራሉ። 5 ሰዓት ተኩል ሲሆን ስሙ ይጠራል፣ ገብቶ ይቆማል፣ ዳኛው መዝገቡን ይገልጣሉ። ከዚያ ያቺ ዓረፍተ ነገር ትመጣለች። መጥሪያው ለተከሳሽ ስላልደረሰ፤ ወይም ምስክር ስላልቀረበ፤ ወይም ከሌላ መሥሪያ ቤት እንዲላክ የታዘዘው ማስረጃ ስላልመጣ፤ ወይም ዳኞች ስላልተሟሉ፤ ወይም መዝገቡ ተመርምሮ ስላላለቀ፣ ለዚህና ለዚህ ቀን ተቀጥሯል። ከተጠራበት እስከ ወጣበት አምስት ደቂቃ አይሞላም። ግማሽ ቀን ሄዷል። አጀንዳውን አውጥቶ አዲሱን ቀን ሲጽፍ ከሁለት ወር በኋላ የሚውል ሐሙስ ነው። ያ ሐሙስ ትንሿ ልጁ ከመዋዕለ ሕፃናት የምትመረቅበት ቀን እንደሆነ የሚያውቀው ማታ ከባለቤቱ ነው።

«ታዲያ አትሂድ» ትላለች ትንሿ ልጅ። መቅረት ግን ዋጋ አለው። ከሳሽ ካልቀረበ መዝገቡ ይዘጋል፤ ተከሳሽ ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ይታያል። ጠበቃው የቀረበት ቀን የአንድ መበለት ቤት የሚወሰንበት ቀን ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ይሄዳል። ልጁ በፎቶ ታየዋለች፣ እሱም በፎቶ ያያታል።

እዚህ ላይ ጥፋቱን ሁሉ ዳኞች ላይ መደፍደፍ ትክክል አይሆንም። አንድ ዳኛ በቀን የሚገልጠው መዝገብ ብዛት አሳዛኝ ነው፤ እሱም ቤት አለው፣ ማታ መዝገብ ይዞ ይገባል። ከእኛም ወገን ቀጠሮን እንደ መሣሪያ የሚጠቀም አለ። ለተበዳሪ ጊዜ ገንዘብ ነው፤ ቤት ልቀቅ የተባለ ሰው ጠበቃውን ጉዳዩን እንዲያራዝምለት ይማጸናል። አንዳንዱ ጠበቃ እሺ ይላል፤ ሲሳካለትም ደንበኛው ይመርቀዋል። ነገር ግን አብዛኛው ጠበቃ የሚከፈለው በጉዳይ እንጂ በሰዓት አይደለም። ውሉ ሲፈረም ጥቂት፣ ክርክሩ ሲሰማ ጥቂት፣ ፍርድ ሲሰጥ ቀሪው ይከፈለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጨማሪ ቀጠሮ ከኪሱም ከቤቱም ይወጣል።

መራዘም ምን ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ለማየት የደርግ ባለሥልጣናትን የፍርድ ሂደት አስታውሱ። የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት በ1984 ተቋቋመ፤ የእነ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ክስ ታኅሣሥ 4 ቀን 1987 በችሎት መታየት ጀመረ። የጥፋተኝነት ፍርዱ የተሰጠው ታኅሣሥ 3 ቀን 1999 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! በመካከሉ ፍርድ ሳያገኙ የሞቱ ተከሳሾች ነበሩ። ፍርዱን ሳይሰሙ የሞቱ የተገዳዮች ቤተሰቦችም ነበሩ። ቅጣቱ በጥር 1999 የዕድሜ ልክ እሥራት ሆኖ ተወሰነ፤ በይግባኝ ደግሞ ግንቦት 18 ቀን 2000 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወደ ሞት ለወጠው። በኋላም ሞቱ ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰ። ክሱ የከበደ ነበር፤ ሰነዱና ምስክሩ ሲታሰብ ጊዜ መውሰዱ አይደንቅም። ቢሆንም በዚያ መዝገብ ላይ የቆሙትን ዐቃብያነ ሕግና ተከላካይ ጠበቆች አስቡ። ክሱ በተጀመረበት ወር ልጅ የወለደ ጠበቃ ፍርዱ ሲነበብ ልጁ አምስተኛ ወይም ስድስተኛ ክፍል ደርሷል። የልጅነት ዘመኑን ሁሉ አባቱ «ነገ ችሎት አለኝ» ሲል ሰምቶ ያደገ ልጅ ነው።

የሚገርመው ያ ችሎት ሥራ ሲጀምር ሕገ መንግሥቱ ከጸደቀ ቀናት ብቻ ማለፋቸው ነው፤ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ነው። አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ክስ ከቀረበበት በኋላ ተገቢ በሆነ አጭር ጊዜ ውስጥ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት አለው ይላል። አንቀጽ 34 ደግሞ ቤተሰብ የኅብረተሰብ የተፈጥሮ መሠረታዊ መነሻ ነው፣ ከኅብረተሰብና ከመንግሥትም ጥበቃ የማግኘት መብት አለው ይላል። ሁለቱን አንቀጾች በአንድ ዓይን አንብቦ ሁለተኛውን ለጠበቃውም፣ ለዳኛውም፣ ለባለጉዳዩም ቤት የጠቀሰ ክርክር እስካሁን አልሰማሁም። አንድ ቀን እሞክረዋለሁ።

በዓለም ሥነ ጽሑፍ ቤተሰብ ወዳድ ጠበቃ ሲባል የሚነሣው ስም አቲከስ ፊንች ነው፤ አሜሪካዊቷ ሃርፐር ሊ እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመችው ልቦለድ ውስጥ ያለ ሰው። ሚስቱ ሞታበት ሁለት ልጆች ያሳድጋል፣ በሐሰት የተከሰሰ ጥቁር ሰው ይከላከላል፣ ማታ ማታ ልጁን አቅፎ ጋዜጣ ያነብባል። በየአገሩ ብዙ ወጣት ሕግ የተማረው እሱን ለመምሰል ነው ይባላል። እኔም መጽሐፉን እወደዋለሁ። ሁለት ነገር ግን አትርሱ። የአቲከስ ችሎት በአንድ ቀን ነው የሚያልቀው፤ ምስክር ተሰምቶ፣ ክርክር ተደርጎ፣ የሸንጎው ውሳኔ በዚያው ሌሊት ይሰጣል። ቤቱ ውስጥ ደግሞ ካልፑርኒያ የምትባል ሠራተኛ አለች፤ ምግቡን የምታበስለው፣ ልጆቹን የምትቆጣው እሷ ናት። የደራሲዋ አባት አማሳ ኮልማን ሊ ራሱ ጠበቃ ነበር፤ በአንድ ወቅት የተከላከላቸው ሁለት ጥቁር ተከሳሾች ተፈርዶባቸው ተሰቅለዋል። እውነተኛው ሕይወት ከልቦለዱ መረር ያለ ነው። አቲከስን ወደ እኛ ከተማ አምጥቼ «መዝገቡ ለጥቅምት ተቀጥሯል» ቢባል ምን ያደርግ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

ወደ ሲኤምሲው ጠበቃችን እንመለስ። ለምን ባልደረባውን አይልክም? ይህ የብዙ ሰው ጥያቄ ነው። መልሱ ሕጉ ውስጥ ነበር። በ1992 የወጣው የፌዴራል ጠበቆች አዋጅ ቁጥር 199 ጠበቃን በግለሰብነቱ ነበር የሚያውቀው። ፈቃዱ የእሱ፣ ቢሮው የእሱ፣ ኃላፊነቱም የእሱ ብቻ ነው። ሁለት ጠበቆች አንድ ቢሮ ተከራይተው ኪራዩን ቢጋሩ እንኳ በሕግ ዓይን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ነበሩ። ስለዚህ ከቦሌ መድኃኔዓለም እስከ ሃያ ሁለት ባሉ ሕንጻዎች ውስጥ ያሉት የጠበቃ ቢሮዎች አብዛኞቹ የአንድ ሰው ቢሮ ሆነው ኖሩ። አንድ ሰው ሲታመም ቢሮው ይታመማል። ወዳጅ ጠበቃ «ቀጠሮ ተቀበልልኝ» ተብሎ ይለመናል፤ እሱም የራሱ ቀጠሮ ከሌለው ይሄዳል። ትልቁን ክርክር ግን ማንም በልመና አይቆምም።

በእንዲህ ዓይነቱ ቢሮ ውስጥ ደመወዝ የሌላት አንዲት ሠራተኛ ነበረች፦ ሚስት። ስልክ የምታነሣው፣ የባለጉዳይን እናት «እመጣለሁ ብሏል፣ አይጨነቁ» ብላ የምታረጋጋው፣ ለዐርብ የተቀጠረው መዝገብ የቱ እንደሆነ የምታስታውሰው፣ ኮፒ ቤት የምትሮጠው እሷ ናት። ብዙ የተመሰገኑ ጠበቆች የተመሰገኑት በሁለት ሰው ጉልበት ነው። በለቅሶው ላይ የሚነበበው ወረቀት ይህን አይጽፍም።

የከፋው ነገር ይህች ሴት የምትረዳውን ጉዳይ ማወቅ አለመቻሏ ነው። ጠበቃ የደንበኛውን ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ የ1992ቱ የጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57 ይህን በግልጽ አስቀምጧል። ደንቡ «ከሚስት በስተቀር» አይልም። ጠበቃው ከቀኑ ክርክር ፊቱ ጠቁሮ ይገባል። «ምን ሆነሃል?» ይባላል። «ምንም» ይላል። ሰውዬው የልጅ ገዳይ እየተከላከለ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ንጹሕ መሆኑን የሚያውቀው ሰው ዋስትና ተከልክሎ ለተጨማሪ 14 ቀን ለምርመራ ተቀጥሮበት ሊሆን ይችላል። እራት ቀርቧል፣ ልጆች የቤት ሥራ ይዘው መጥተዋል፣ እሱ ግን ገና ችሎቱ ውስጥ ነው። ይህ ሁኔታ እየተደጋገመ ሲሄድ በትዳር መካከል ግድግዳ ያቆማል። ስለ ሐኪም ድካም ብዙ ይወራል። ስለ ጠበቃ ዝምታ ግን ሲወራ አልሰማሁም።

አሁን ደግሞ ምሥራቅ አዲስ አበባ ለጠበቃ የምትሰጠው ሥራ ምን እንደሆነ እንይ፤ ነገሩ የሚወሳሰበው እዚህ ነው። በቦሌና በየካ ምድብ ችሎቶች ደጅ ለተቀመጠ ሰው ከሚሰማው ክርክር ትልቁ ድርሻ የቤተሰብ ነገር ነው። ሰሚት፣ የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ናቸው። ቤቱ በዕጣ ደረሰ፤ ምዝገባው ከጋብቻ በፊት በባል ስም ነበር፤ ቅድሚያ ክፍያው የተከፈለው ሚስት ከመሥሪያ ቤቷ በተበደረችው ነው፤ ወርኃዊው ክፍያ ከሁለቱ ደመወዝ ይወጣል። ፍቺ ሲመጣ ቤቱ የማን ነው? የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 በጋብቻ ውስጥ ያለ ንብረት በአንዱ ስም ብቻ ቢመዘገብም የግል መሆኑ እስካልተረጋገጠ ድረስ የጋራ ነው ብሎ ይገምታል። ጋብቻ ሳይፈጽሙ እንደ ባልና ሚስት አብረው ለኖሩም ቢያንስ ሦስት ዓመት ከሞላቸው ያፈሩት የጋራ ነው። ሕጉ ግልጽ ነው። ሰዎቹ ግን ሳሎናቸውን በጥልፍ መጋረጃ ያስጌጡ፣ ልጅ ያሳደጉ ናቸው፤ ክርክሩ ስለ ቤት ይጀምርና ስለ አሥር ዓመት ቂም ይሆናል።

ይህን ሲሰማ የዋለ ጠበቃ ማታ ወደ ራሱ ሚስት ይገባል። አንዳንዱ ከባልደረቦቼ ይህ ሥራ ትዳሩን እንዳጠነከረለት ይናገራል፤ ሰዎች በምን እንደሚለያዩ በየቀኑ ስለሚያይ ይጠነቀቃል። ሌላው ተጠራጣሪ ሆኖ የገዛ ቤቱን ወጪ ደረሰኝ መሰብሰብ ይጀምራል። ሁለቱንም ዓይነት አውቃለሁ። የትኛው እንደሚበዛ አትጠይቁኝ።

ከ1992 በፊት ፍቺን የሚወስኑት የዘመድ ሽማግሌዎች ነበሩ፤ የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሥልጣኑን ለእነሱ ሰጥቶ ነበር። ባልም የቤተሰቡ ራስ ተብሎ ተጽፎ ነበር፣ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልትዳር ትችል ነበር። አዲሱ ሕግ ዕድሜውን ወደ 18 አሳደገ፣ የባልን ራስነት አስቀረ፣ ፍቺንም ለፍርድ ቤት ሰጠ። ዳኛው ግን ባልና ሚስቱ እንዲያስቡበት እስከ ሦስት ወር ጊዜ ሊሰጥ ይችላል። ስለ ቀጠሮ እንዲህ ሳማርር ይህችን ቀጠሮ ግን እወዳታለሁ። ጊዜ ቤትን የሚጠግንበትም አጋጣሚ አለ።

ይህ ለውጥ በራሱ ከሰማይ አልወረደም፤ ጠበቆች ችሎት ቆመው ነው ያመጡት። ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ በከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ፤ በ1987 ከሌሎች የሕግ ባለሙያ ሴቶች ጋር የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን አቋቋሙ። ማኅበሩ ከያዛቸው ጉዳዮች አንዱ በአርሲ ለጋብቻ ተጠልፋ ጠላፊዋን በጥይት የገደለች የ14 ዓመት ልጅ ጉዳይ ነበር። ራስን መከላከል ነው ተብሎ ነጻ ወጣች። በዚያ ዘመን የወንጀል ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ በ1996 የወጣው የወንጀል ሕግ ያንን ቀዳዳ ዘጋ። መዓዛ ጥቅምት 22 ቀን 2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያ ወንበር የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። በአንዲት ልጅ መዝገብ ላይ የተደረገ ክርክር በሺህ የሚቆጠሩ ቤቶችን የሚነካው እንዲህ ነው።

ቦሌ ሌላ የራሷ ጉዳይ አላት፤ እሱም ከአውሮፕላን የሚወርደው ነው። ወራሹ ከዋሽንግተን የሁለት ሳምንት ፈቃድ ይዞ ይመጣል። አባቱ ሞተዋል፤ ገርጂ ያለው ቤት ከእንጀራ እናቱና ከወንድሞቹ ጋር ያከራክራል። ቅዳሜ ገብቶ ሰኞ ጠበቃ ቢሮ ይገኛል፣ «ከመመለሴ በፊት ይለቅልኝ» ይላል። ጠበቃው የወራሽነት ማስረጃው ከከተማው ፍርድ ቤት እንደሚወጣ፣ ክፍፍሉ ግን ክርክር ካለበት በዓመት እንደሚቆጠር ሲነግረው ሰውየው ደንግጦ ያየዋል። መጨረሻ ላይ ውክልና ሰጥቶ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ስልክ የሚደወለው በእነሱ ቀን፣ በእኛ ሌሊት ነው። 8 ሰዓት ሌሊት ላይ የሚጮኸው ስልክ የጠበቃውን ልጅ ይቀሰቅሳል።

ጎረቤቱስ? ጠበቃ ለቅሶ ቤት፣ ማኅበር፣ እድር ስብሰባ ላይ አርፎ አይቀመጥም። «አንዲት ነገር ልጠይቅህ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ አንዲቷ ነገር የአባቱን የይዞታ ካርታ ታሪክ ይዛ ትመጣለች። የሥነ ምግባር ደንቡ ጠበቃ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት ነጻ አገልግሎት እንዲሰጥ ያዝዝ ነበር። የሠፈር ሰው ግን ሃምሳውን ሰዓት በአንድ ፋሲካ ሊጨርሰው ይችላል። ይህን በምሬት አልናገረውም። ልጆች አባታቸው ለምን እንደሚከበር የሚያዩት እዚያ ነው፤ ችሎቱን አያዩትም፣ እድሩን ግን ያያሉ።

ጠበቃ የቤቱ ሰው የሚሆንበት ወቅት አለ ብለን እናስብ ይሆናል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች በተለምዶ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 ይዘጋሉ፤ ተረኛ ችሎቶች ብቻ አስቸኳይ ጉዳይ ያያሉ። ይህ ክረምት ነው። ዝናቡ አያስወጣም፣ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ቤተሰቡ ሳሎን ይሰበሰባል። ልጆች ከአባታቸው ጋር ካርታ የሚጫወቱት፣ አባት የልጁ ድምፅ መጎርነኑን የሚያስተውለው በነሐሴ ነው። ከዚያ የጥቅምት ጎርፍ ይመጣል፤ ለጥቅምት የተቀጠረው መዝገብ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይደርሳል። በመጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ፍርድ ቤቶች በከፊል ሲዘጉም ነሐሴን የመሰለ ወቅት መጥቶ ነበር። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በዚያን ጊዜ ቤት ሲውል ልጁ እናቷን «አባባ ተባረረ እንዴ?» ብላ መጠየቋን ነግሮኛል።

አሁን ነገሩ በመጠኑ እየተለወጠ ነው። አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ፍርድ ቤት መር አስማሚነትን አስገባ፤ ክርክሩ ገና በጠዋቱ በሚያስማማ ሰው ፊት እንዲቀርብ መንገድ ከፈተ። የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱንም የገንዘብ ሥልጣን ከ500 ሺህ ወደ 10 ሚሊዮን ብር ከፍ ስላደረገ ከዚህ በፊት ልደታ የነበረ ብዙ ጉዳይ ወደ ምድቦቹ መጥቷል፤ ለሲኤምሲው ጠበቃችን ይህ ማለት ከባቡሩ ቀድሞ መውረድ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 1249 ደግሞ ጠበቆች በሽርክና የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቀደ። በእኔ ግምት ለጠበቃ ቤት የዘመኑ ትልቁ ዜና ይህኛው ነው፤ ብዙዎች ያዩት ግን እንደ ንግድ ጉዳይ ብቻ ነው። ድርጅት ማለት ፋይሉን የሚያውቅ ሁለተኛ ሰው አለ ማለት ነው። ትንሿ ልጅ ስትመረቅ አባቷ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ ችሎቱም ሰው አያጣም። ልማዱ ገና አልያዘም። ባለጉዳዩ «እኔ የያዝኩት አንተን ነው፣ ሌላ ሰው አልፈልግም» ይላል፤ ጠበቃውም ደንበኛው በባልደረባው እንዳይወሰድበት ይሰጋል።

ስለዚህ ነገ ከነገ ወዲያ ጠበቃ መያዝ የሚያስፈልጋችሁ ካላችሁ፣ ስለ ክፍያው ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ ልጅህ የታመመ ቀን ችሎት የሚቆምልኝ ማነው? ስም ከጠራላችሁ፣ ያንን ሰው እዚያው ቢሮ ውስጥ አስተዋውቁኝ በሉት። ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ውክልናውን ስትፈርሙም ሌላ ጠበቃ የመወከል ሥልጣን የሚሰጠው ሐረግ መግባቱን አንብባችሁ አረጋግጡ። ሐረጉ ከሌለ ወረቀቱ እንዲታረም ጠይቁ፤ በኋላ፣ በቀጠሮው ዋዜማ፣ ለማስተካከል ጊዜ አይበቃም።